የሸምበቆ ወንዝ ሠላሳ ሰባት ዓሦች

ኢንስፔክተር አልታዬ በሃያ ሦስት ዓመት የፖሊስ አገልግሎቱ በሬ የተሰረቀበትን፣ ልጁ የተጠለፈችበትን፣ አንድ ጊዜም የቤተ ክርስቲያን ደወል የጠፋበትን ሰው ቃል ተቀብሏል። ዓሣ ተሰረቀብኝ ብሎ የመጣ ግን ገጥሞት አያውቅም። ስለዚህ በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት መጨረሻ ሰኞ ጠዋት፣ አለምነው የተባለው ወጣት ተመራማሪ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ መካነ ሰላም ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ፣ ኢንስፔክተሩ የለመደውን የከብት ስርቆት ቅጽ አወጣና ጀመረ።

«ስንት ራስ?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ቀለም?»

«ብርማ ናቸው። ሆዳቸው ነጣ ይላል።»

«የጆሮ ምልክት?»

«ጆሮ የላቸውም ጌታዬ። ጀርባቸው ላይ ቁጥር ያለበት ቢጫ ፕላስቲክ አስሬባቸዋለሁ። ከአንድ እስከ ሠላሳ ሰባት።»

አልታዬ ከ«ጆሮ» ፊት ሰረዝ አደረገ። «ባለቤት?» ሲል ልጁ «ወንዙ» አለ፤ ወዲያው አፈረና «መንግሥት» ብሎ አረመ።

ልጁ የሚቀልድ አልነበረም፤ ዓይኑ ቀልቷል። ነገሩን ሲያስረዳ ኢንስፔክተሩም ብዕሩን አስቀመጠ። በሸምበቆ ወንዝ ላይ ውሃውን ወደ መስኖ ቦይ የሚመልስ አንድ ግንብ አለ፤ ግንቡ የብረት በር አለው። በሩ ሲዘጋ ውሃው ሁሉ ለላይ ሸምበቆ መንደር ሽንኩርትና ድንች ይሄዳል፤ ታች ሸምበቆ መንደር ወፍጮው ይቆማል፣ ከብቱ ይጠማል። በዚህ በር ምክንያት ሁለቱ መንደሮች ሦስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ተወራውረዋል። ረቡዕ ከደሴ የዞን ኮሚቴ ይመጣል፤ በሩ በጋውን በሙሉ ይዘጋ ወይስ ለወንዙም ውሃ ይተውለት ብሎ ይወስናል። አለምነው ዓመት ሙሉ አጥንቶ «ሲሶው ለወንዙ ይቅር» ሊል ነበር። ማስረጃዎቹ ደግሞ ከግንቡ በታች በመረብ በረት ያኖራቸው ሠላሳ ሰባት ዓሦች ናቸው፤ ውሃው ስንት ጣት ሲጎድል እንደሚከሱ፣ ስንት ሲጎድል እንደሚሞቱ በየቀኑ መዝግቧል። ባለፈው ረቡዕ ደሴ ሄዶ እሑድ ማታ ሲመለስ በረቱ ባዶ ነው።

«ዓሣ ካላሳየኋቸው በሩ ይዘጋል» አለ አለምነው። «ከዚያ ታች ያለው ሕዝብ በጋውን ምን እንደሚጠጣ እኔ አላውቅም።»

አልታዬ ተነሳ። ቆቡን ሁልጊዜ ከሚያኖርበት፣ ከበሩ ውጭ ከተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን አናት ላይ አነሳ። ሳጥኑን ያሰቀለው ራሱ ነው፤ በዚያ ዘመን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ድምፅ የሚሰማበት ሳጥን ይስቀል የሚል መመሪያ መጥቶ ነበር። ለሕዝብ ድምፅ ምን ያህል እንደጠቀመ አይታወቅም፤ ለቆብ ግን ከፍታው ልክ ነው። ከሥሩ ሦስት ድመቶች ተኮልኩለው ሽቅብ ያንጋጥጣሉ።

«ይሄ የድመት ማኅበር ከየት መጣ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ከትናንት ጀምሮ ነው ያሉት» አለች ኮንስታብል ሙሉሐረግ። የሥራ ባልደረባው ናት፤ ከምታየው ግማሹን ብቻ ነው የምትናገረው።

«የአዩብ ምሳ ይሆናል የሸተታቸው» አለና በቦት ጫማው ገፋ አደረጋቸው።

---

አዩብ ሹፌሩ ነው። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ወንዙ ግማሽ ሰዓት የእግር ቁልቁለት አለ። አልታዬ ተወልዶ ያደገው ደጎሎ ነውና ገብስና ስንዴ ያውቃል እንጂ ዓሣ አያውቅም፤ በሕይወቱ አንድም ቀን ቀምሶ አያውቅም። ባዶውን መረብ ሲያይም ስለምን እንደሚያዝን አልገባውም።

ሙሉሐረግ ግን በርከክ ብላ የበረቱን መዝጊያ ገመድ አየች። «መረቡ አልተቀደደም። ገመዱ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል። የበቅሎ ጭነት ቋጠሮ ነው፤ እንዴት እንዳማረ ይዩት።»

«እና?»

«ሌባ ፈትቶ ይሄዳል። መልሶ የሚቋጥር ሌባ አላየሁም።»

ከበረቱ አጠገብ ባለው ሾላ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተቸንክሯል። አልታዬ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። «ማስታወቂያ። ቢጫ ቁጥር ያለበት ዓሣ የያዘ ማንኛውም ሰው ቁጥሩን፣ ከተያዘበት ቀንና ቦታ ጋር ጽፎ፣ በአቅራቢያው ለሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲመልስ በትሕትና እንጠይቃለን።»

«እሱ አምና ለለቀቅኳቸው ነው» አለ አለምነው። «ሁለት መቶ ዓሣ ቁጥር አስሬ ወንዙ ዓባይ ከሚገባበት ቦታ ለቅቄ ነበር። የት ድረስ እንደሚሄዱ ለማወቅ። አንድ ቁጥር እንኳ አልተመለሰልኝም። የወሎ ሰው ጨዋ ነው ይባላል፤ ለማስታወቂያ ግን ግድ የለውም።»

የበረቱ ጠባቂ አራጌ የሚባል የታች ሸምበቆ ሰው ነው። ዱላውን አገጩ ሥር ተክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ሌባ አይተሃል?» አለው አልታዬ።

«ሌባ አላየሁም ጌታው።»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ ሌባ አልመጣም።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብም ሌባ የሚባል አልመጣም።»

«ዓሦቹን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ነው።»

«ከሐሙስ በኋላስ?»

«ከሐሙስ በኋላማ የሉም።»

«ታዲያ እስከ እሑድ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«በረቱን ነዋ። በረቱን ጠብቅ ተብዬ ነው የተቀጠርኩት። ይኸው በረቱ፤ አንድ ቀዳዳ ካለበት ይጠይቁኝ።» ይህን ብሎ አራጌ ለኢንስፔክተሩ ፈገግ አለለት፤ አንድ ምሥጢር አብረው እንደያዙ ሰዎች ዓይነት ፈገግታ ነበር። አልታዬ በዚህ ፈገግታ ተናደደ፤ ለምን እንደተናደደ ግን ራሱም አላወቀም።

---

ከሰዓት በኋላ ከተማ ተመልሰው ፋሩቅ ሆቴል ገቡ። በመካነ ሰላም «ዓሣ» የሚል ቃል የተጻፈበት ቤት እሱ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ «ልዩ የዓሣ ጉላሽ» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። ባለቤቱ ፋሩቅ ፖሊሶቹን ሲያይ እጁን በሽርጡ መጥረግ ጀመረና አላቆመም።

«ዓሣው ከየት ነው የሚመጣው?» አለ አልታዬ።

«ከ... ከውሃ ነው ጌታዬ።»

«ከየትኛው ውሃ?»

ፋሩቅ ጓዳ ገብቶ አንድ ጆንያ ጎትቶ አመጣ። ውስጡ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው፤ ከመቶ አያንስም። «በቲማቲም እሠራዋለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለደንበኞቼ አይንገሩብኝ።»

«ሰርዲን እኮ ነው ይሄ።»

«ሰርዲን ታዲያ ምንድን ነው ጌታዬ? ዶሮ ነው?»

ሙሉሐረግ ማስታወሻዋ ላይ «ነጻ» ብላ ጻፈች።

---

ማክሰኞ በማለዳ ላይ ሸምበቆ ወጡ። ኢንስፔክተሩ ነገሩ ገብቶታል፤ ቢያንስ እንደገባው እርግጠኛ ነበር። ዓሦቹ ከሌሉ በሩ ይዘጋል፤ በሩ ሲዘጋ የሚጠቀመው ላይ ሸምበቆ ነው፤ የላይ ሸምበቆን ውሃ የሚያከፋፍሉት፣ ለማን መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስኑት የውሃ አባት ደግሞ አያ ካሳ ናቸው። አያ ካሳን ሽንኩርት መካከል ቆመው አገኛቸው።

«ሐሙስ ከቀትር በኋላ የት ነበሩ?»

«ታች ሸምበቆ። ሸህ አሕመድኑር ወፍጮ ቤት።»

አልታዬ ሙሉሐረግን አያት። ሸህ አሕመድኑር የታች ሸምበቆ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ራሳቸውን በድንጋይ የፈነከታቸው የአያ ካሳ የወንድም ልጅ ነው። መዝገቡ እስካሁን አልተዘጋም።

«ምን ሊያደርጉ ሄዱ?»

«ቁጭ ልል።»

«ምስክር አለዎት?»

«ሸሁ ራሳቸው አሉልኝ።» አያ ካሳ አንድ ሽንኩርት ነቅለው አፈሩን አራገፉና ለኢንስፔክተሩ ሰጡት። «ጎበዝ ነዎት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንደዚህ አጥብቀው ይጠይቁ። እኛም አንፈታም።»

ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ ሸህ አሕመድኑር ወንበር አወጡላቸው። «መርሃባ፣ መርሃባ፤ አላህ ያመጣውን እንግዳ» እያሉ ሦስቱንም አስቀመጡ። ከወፍጮው ጀርባ ውሃ የሚጠራቀምበት ትንሽ ኩሬ አለ፤ ሸሁ ወንበሩን ሲያዞሩ ኢንስፔክተሩ ጀርባውን ለኩሬው ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ሐሙስ ከማን ጋር ነበሩ ሸህ?»

«ከካሳ ጋራ ነዋ።»

«ራስዎን ከፈነከተዎት ልጅ አጎት ጋር?»

«ራሴ ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ምን ስትሠሩ ነበር?»

ሸሁ ጢማቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ የማያውቁትን ቢጠይቁኝ እመልስልዎ ነበር። የሚያውቁትን እየጠየቁ አፌን ሊያስከፍቱኝ ነው። ቃል ሰጥተናል፤ ስምንት ቀኑ እስኪሞላ፣ ወይም የቀረው ድርሻ እስኪነሳ ድረስ አፋችንን ይዘናል። አንቱም ይህን ያውቃሉ።»

አልታዬ አያውቅም። ግን አላውቅም ማለት ለኢንስፔክተር ከባድ ነገር ነው፤ «እሺ፣ እንግዲያው» ብሎ ተነሳ።

እስከ እኩለ ቀን አሥራ አራት ሰው አነጋገሩ። ሙሉሐረግ ዝርዝሩን ስታነብለት ኢንስፔክተሩ ግንባሩን ያሻል። የላይ ሸምበቆው ሁሉ «ሐሙስ ከታቹ ሰውዬ ጋር ነበርኩ» ይላል። የታቹ ደግሞ የላዩን ይጠራል። ሦስት ዓመት በድንጋይ ሲተያዩ የኖሩ ሰዎች አንዱ ለአንዱ ምስክር ሆነው ቀርበዋል።

«ሰው ለወዳጁ ይዋሻል» አለ አልታዬ። «ለጠላቱ የሚዋሽ ግን አላየሁም። እውነታቸውን ነው ማለት ነው። ታዲያ ዓሦቹን ማን ወሰዳቸው?»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል» አለ አዩብ መሪውን እያዞረ። «ቢተዉት ይሻላል።»

---

ምሳ ሲደርስ እንደ ወትሮው ለሦስት አንድ ትሪ ሽሮ አዘዙ። አልታዬና ሙሉሐረግ ክርስቲያን ናቸው፤ አዩብ ሙስሊም ነው። አራት ዓመት አብረው በልተዋል፤ አራት ዓመትም ሽሮ ነው የበሉት። ሥጋ ከመጣ «የማን ቢላ አረደው» የሚባል ነገር አለ፤ ከዚያ ትሪው ሁለት ይሆናል።

«ዛሬስ ሥጋ አማረኝ» አለ አዩብ።

«እዘዝ። ብላ» አለ አልታዬ።

«ለብቻዬ? ለብቻ የተበላ ሥጋ ምን ይጥማል?»

ኢንስፔክተሩ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል እጁ አየር ላይ ቆመ። ሽሮው በክንዱ እየወረደ እጅጌው ውስጥ ገባ፤ አላስተዋለውም።

«አዩብ፣ ሁለት የተጣሉ መንደሮች ሲታረቁ ምን ያደርጋሉ?»

«አንድ ላይ ይበላሉ። ሳይበሉ እርቅ የለም።»

«አንደኛው ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም ቢሆንስ?»

«ሁለት በሬ ያርዳሉ፤ ለየብቻ ይበላሉ።»

«ለየብቻ የተበላ እርቅ እርቅ ነው?»

«የአባቴ አገር ሰዎች አይደለም ይላሉ። አንድ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት እርቅ ላይ ተገኝቼ፣ የየትኛው በሬ ይሰባ ነበር በሚል እንደገና ተጣልተው አይቻለሁ።»

«ሽሮ ቢበሉስ?»

አዩብ ሳቀ። «በሽሮ የታረቀ በበነጋታው ይጣላል።»

አልታዬ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ። «ሥጋ ሆኖ ቢላ የማያርደው፣ ቄሱም ሸሁም ከአንድ ትሪ ሊያነሱት የሚችሉት ምንድን ነው?»

ሦስቱም ተያዩ። ሙሉሐረግ ቀስ ብላ ማስታወሻዋን ገለበጠችና ሁለተኛውን ጥያቄ እሷ ጠየቀች። «በዚህ አካባቢ ሠላሳ ሰባት ዓሣ መሥራት የሚችል ሰው ማን ነው?»

ለዚህ ፖሊስ አያስፈልግም። በሸምበቆ ዙሪያ ዓሣ የሚሠራ እጅ አንድ ነው፤ እሱም ስድስት ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰችው የኡምኩልሱም እጅ ነው።

---

ኡምኩልሱምን ሰማያዊ በር ባለው ቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ላይ አገኟት። «አብሽሩ፣ ግቡ» ብላ አስገባቻቸው። ቤቱ የሎሚና የከሙን ሽታ አለው፤ ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ አለ። ያን ሽታ አልታዬ የሆነ ቦታ ያውቀዋል፤ የት እንደሆነ አልመጣለትም።

«ሐሙስ ዓሣ ሠርተሻል?»

«እስከ ነገ ወዲያ ሐሙስ ይታገሡኝ። ያን ጊዜ አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ።»

«ኮሚቴው ነገ ነው የሚመጣው። ሠላሳ ሰባት ዓሣ ሰርቃችሁ በልታችሁ...»

«ሰርቃችሁ» የሚለውን ስትሰማ ኡምኩልሱም ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ወላሂ፣ እኛ ሌባ አይደለንም። ይቺን ቃል ከአንቱ አልጠበቅሁም። ወረቀቱ የሚለውን ነው ያደረግነው፤ ዓሣ የያዘ ቁጥሩን ይመልስ ይላል፣ መልሰናል። ያም አልበቃ ብሎን አስቀድመን ለአንቱ ጽፈን ፈቃድ ጠይቀናል።»

«ለኔ?»

«ለአንቱ። እኛማ፣ ኢንስፔክተሩ ቃላችንን እንጠብቅ አንጠብቅ ሊፈትኑን ነው የሚዞሩት ብለን ስናደንቅዎት ነበር።»

«የት አግኝታችሁኝ ነው የጻፋችሁልኝ?»

«ሳጥንዎ ውስጥ ከተትነው። ቅዳሜ ለገበያ ስንወጣ ሌላው ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው፤ የአንቱ ሳጥን ግን ውጭ አለ። ከፍተው አላዩትም እንዴ?»

አልታዬ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው ፊት ላይ ያንን መልክ አይቷል፤ መልስ ያጣ ተጠርጣሪ መልክ ነው። በራሱ ፊት ላይ ሲቀመጥ ግን እንዲህ እንደሚከብድ አላወቀም ነበር።

---

የሳጥኑን ቁልፍ ትይዝ የነበረችው ጸሐፊ ከዓመት ተኩል በፊት ቁልፉን እንደያዘች ወደ አቀስታ ተዛውራለች። ማንም ፈልጎት አያውቅም። አዩብ የመኪናውን ጎማ መፍቻ አመጣ። ድመቶቹ አሁን ሰባት ሆነዋል። አለምነውም ተጠርቶ መጥቷል። ክዳኑ ሲሰነጠቅ ያ የኡምኩልሱም ቤት ሽታ ግቢውን ሞላው።

ሙሉሐረግ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ይዛ ወደ ሳጥኑ ተመለከተች። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» አለች ቀስ ብላ። ወደ ኢንስፔክተሩ ግን አላየችም።

በክር የተሰካኩ ቢጫ ቁጥሮች ወጡ። እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሏል፤ ወረቀቱ ላይ በተማሪ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። አልታዬ አንዱን አነበበ። «ቁጥር አሥራ አራት። ሐሙስ ከበረቱ ተያዘ። የበሉት አያ ካሳ። ጥሩ ነው፤ እሾሁ ግን በዛ።» ሌላው «ቁጥር ሦስት። ሸህ አሕመድኑርና የላይ ሸምበቆው ቄስ ተካፈሉት» ይላል። ሠላሳ ስድስት የእምነት ቃል፣ ከነፊርማው፣ ክሱ ሳይመሠረት ገብቷል። ቆቡን የሚያኖርበት ሳጥን ውስጥ ነበር።

ከሥር ሌላ ጭብጥ ወረቀት አለ፤ አርጅቷል። አለምነው አንዱን ፈታ። «ቁጥር መቶ ስምንት። ነሐሴ አሥራ ሁለት። ከመስኖው ግንብ ሥር ተያዘ።» ሌላ ፈታ። ሌላም። የግቢው አፈር ላይ ተቀምጦ እንደ ካርታ ጨዋታ ደረደራቸው። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

«ዓባይ ዳር የለቀቅኳቸው ናቸው» አለ። «የሁለት ቀን መንገድ ሽቅብ ዋኝተው መጥተዋል። እንቁላላቸውን እዚህ ሊጥሉ ነው የሚመጡት። ጫጩቶቹ እስከ ጥር ድረስ እዚሁ ነው የሚያድጉት፤ ውሃ ካለ።» ከዚያ ዝም ብሎ ማልቀስ ጀመረ። «ዓመት ሙሉ ሕዝቡን ሳማ ከረምኩ። ለካ የያዙትን ሁሉ መልሰውልኝ ነበር።»

አልታዬ ትከሻውን ሊነካው ፈለገ፤ ግን ጥፋቱ የራሱ መሆኑ ትዝ ሲለው እጁን መለሰ። ሙሉሐረግ መጨረሻ የቀረውን ፖስታ ሰጠችው። በላዩ ላይ ስሙ አለ።

«ይድረስ ለኢንስፔክተር አልታዬ። የላይና የታች ሸምበቆ ሰዎች ሐሙስ በወፍጮ ቤቱ እንታረቃለን። ቢላ እንዳይለያየን ዓሣ እንበላለን። ማስታወቂያውን አንብበናል፤ ቁጥሩን እንመልሳለን። መንግሥት ምስክር እንዲሆነን አንቱ ይገኙልን። ዓሣውን መብላት ክልክል ከሆነ እስከ ረቡዕ ይንገሩን። ዝም ካሉ እንደ ፈቀዱ እንቆጥረዋለን።»

«ዝም ብለዋል» አለች ሙሉሐረግ።

«አያለሁ» አለ አልታዬ። ከዚያ ክሩን አንስቶ እንደገና ቆጠረ። «ሠላሳ ስድስት ናቸው። ሃያ ሁለት ቁጥር የለም።»

---

ረቡዕ በአራት ሰዓት አምስት የኮሚቴ አባላት ከሁለት መኪና ወርደው ቁልቁለቱን እየረገሙ ግንቡ ላይ ደረሱ። ሰብሳቢው ኮፍያ ያደረጉ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ሁለቱ መንደር በሙሉ ወጥቶ ዳገቱ ላይ ተቀምጧል። አያ ካሳና ሸህ አሕመድኑር ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አፋቸው ግን ተዘግቷል።

አለምነው ወረቀቶቹን ዘረጋ፤ ቁጥሮቹን አሳየ፤ ስለ ዓባይ፣ ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ጫጩቱ ተናገረ። ሰብሳቢው ላባቸውን ጠረጉ።

«ወረቀት ወረቀት ነው ልጄ። አንተ በዚህ ውሃ ይኖራሉ ያልከው ሠላሳ ሰባት ዓሣ የት አለ?»

«ተበልቷል» አለ አለምነው።

«ካልኖሩማ ምን ያከራክረናል? በሩ በጋውን ይዘጋና...»

አልታዬ ወደ ሸሁ ጠጋ አለ። ታች ሸምበቆ በጋውን ሊደርቅ ነው፤ የሚያድኑት ሁለት ሽማግሌዎች በቃላቸው ታስረው ቆመዋል። «ሸህ፣ የቀረው ድርሻ ያሉኝ የማን ነው?»

«የአንቱ ነዋ» አሉ ሸሁ። «የተጠራ ሰው ቢቀር ድርሻው አይበላም። ኡምኩልሱም፣ አምጪላቸው።»

ኡምኩልሱም ከሰው መሃል ወጣች። ቢጫ የውሃ ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ ባልዲ ሆኗል፤ ውስጡ አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዓሣ ይሽከረከራል። ጀርባው ላይ ሃያ ሁለት ቁጥር አለ። ሳምንት ሙሉ በወፍጮው ኩሬ ሲጠብቀው ነበር፤ ኢንስፔክተሩ ትናንት ጀርባውን የሰጠው ለዚህ ዓሣ ነው።

«እንጥበስልዎት?» አለች። «አንቱ ድርሻዎን ካነሱ እርቁ ይሞላል።»

አለምነው ባልዲውን እንደ ታመመ ዘመድ ያየዋል። አልታዬ ዓሣውን አየው፤ ዓሣውም እሱን ያየው መሰለው። ድርሻውን ካላነሳ እርቁ ጎደሎ ነው። ከበላው የልጁ የመጨረሻ ምስክር ያልቃል።

ቦት ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ሰበሰበና ባልዲውን ተሸክሞ ከግንቡ ሥር ወደ ውሃው ገባ፤ ብርዱ እስከ ጥርሱ ተሰማው። ባልዲውን አዘንብሎ ገለበጠው። ሃያ ሁለት ቁጥር አንድ ጊዜ በጅራቱ ፊቱን አራሰውና ድንጋይ ሥር ገባ።

«ድርሻዬን ተቀብያለሁ» አለ አልታዬ ለሁለቱ መንደር እንዲሰማ አድርጎ። «የማኖረው ግን እዚሁ ወንዝ ውስጥ ነው።» ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እንግዲህ እዚህ ውስጥ የኔ ንብረት አለ። ይህን በር ዘግቶ ወንዙን ያደረቀ ሰው ንብረቴን አጠፋ ማለት ነው። መዝገብ እከፍትበታለሁ።»

ሰብሳቢው ሳቁ። ኢንስፔክተሩ አለመሳቁን ሲያዩ እሳቸውም ተዉት።

«እርቁ ሞላ» አሉ ሸህ አሕመድኑር።

«ሞላ» አሉ አያ ካሳ፤ ሳምንት የታፈነ አፋቸው ሲከፈት ድምፃቸው ዳገቱን አስተጋባው። «ጌቶች፣ እኛ ጨርሰናል። ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ውሃው የላዩ ነው። ከመግቢያ እስከ መውጫ የታቹ ነው። በሩን እኔ እከፍታለሁ፣ ሸሁ ያዩኛል። ዓሣ በልተን የተማማልነው ይህን ነው። እናንተ የምትጽፉት ካላችሁ ይህንኑ ጻፉልን።»

ሰብሳቢው ወደ አለምነው ዞሩ። «ይህ ለዓሣህ ይበቃል?»

አለምነው በጣቱ አስልቶ ሁለቴ ደገመው። «እኔ ሲሶ ነበር የጠየቅሁት» አለ። «እነሱ እኩሌታውን ሰጥተዋል።»

ሰብሳቢው ጻፉ። የሚጽፉት ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

---

በማግሥቱ ሐሙስ አልታዬ መዝገቡን ለመዝጋት ተቀመጠ። በሩ ላይ ያለው ሳጥን አዲስ ክዳን ገብቶለታል፤ ቁልፉ ከጠረጴዛው በላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቆቡም ምስማር ተመቶለት ወደ ውስጥ ገብቷል። ድመቶቹ ተስፋ ቆርጠው አንድ ብቻ ቀርታለች።

«ወንጀሉ» በሚለው ፊት «የለም» ብሎ ጻፈ። «ፈቃድ የሰጠ» በሚለው ፊት የራሱን ስም አሰፈረ፤ ይህን ሲጽፍ ሙሉሐረግ በትከሻው በኩል እያነበበች እንደሆነ ያውቃል። መጨረሻ ላይ «የጠፋው ንብረት አሁን ያለበት ሁኔታ» የሚል መስመር ቀረ። ብዙ አሰበበት። ከዚያ በጥሩ እጅ ጽሑፉ ሞላው።

«ሠላሳ ስድስቱ ተበልተዋል። አንዱ በሥራ ላይ ነው።»